የሲስተር ሁስና እህት

የአምቡላንሱ በር ሲከፈት ሲስተር ሁስና ጓንቷን እያጠለቀች ከጤና ጣቢያው ወጣች። ከአልዩ አምባ ሽቅብ የመጣችው ምጥ የያዛት ሴት ፊቷን በሻሽ ሸፍናለች። ባሏ ያዕቁብ ደግፎ ሲያወርዳት ሻሹ ተንሸራተተ። ዩምና ነበረች፤ የሁስና ታናሽ እህት።

ሁለቱ ከተነጋገሩ ሦስት ዓመት አልፏል።

በአንኮበር ሁስናን በስሟ የሚጠራት የለም። ነጋዴውም፣ ከቆላ የሚወጣው ገበሬም "ሲስተር" ነው የሚላት። ለብዙው ሰው ቃሉ መርፌ የምትወጋና የምታዋልድ ሴት ማለት ነው። በፈረንጅ አፍ "እህት" ማለት እንደሆነ ስትነግራቸው፣ "ታዲያ ደግ ስም አወጡልሻ" ብለው ይስቃሉ። እሷም አብራ ትስቃለች። እህቴ ልትላት የሚገባት አንዲት ሰው ግን ተቀይማታለች።

ቅያሜው የመጣው በእናታቸው በሰሊሃ ሞት ነው። ሰሊሃ "ከቤቴ አታውጡኝ" ስትል፣ ደብረ ብርሃን ሆስፒታል ትሂድ ብላ ያስላከቻት ሁስና ነበረች፤ ተረኛ ስለነበረች ግን አብራት አልሄደችም። እናትየው እዚያው አረፈች። ዩምና አልደረሰችም። በለቅሶው መሐል "እናቴን ለባዳ እጅ ሰጠሻት" አለች፤ ከዚያ ወዲህ አንዷ የሌላዋን ደጅ ረግጣ አታውቅም።

ሁስና አስተኝታ መረመረቻት። ሕፃኑ በመቀመጫው መጥቷል፤ የልቡ ምትም እየደከመ ነው።

"ዩምና፣ እዚህ አትወልጂም። ደብረ ብርሃን እንሂድ፤ ኦፕራሲዮን ያስፈልግሻል።"

ዩምና ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች።

"አልሄድም፣ ሲስተር። የሚያደርጉትን እዚሁ ያድርጉ።"

አንቱታው ሁስናን ከስድብ ይልቅ አመማት።

"በአላህ ይሁንብሽ፣ እህትሽ የምትልሽን ስሚ" አለ ያዕቁብ።

ምጡ መለሰባትና ዩምና ያገኘችውን ጨበጠች፤ የሁስናን ክንድ። ሲያልፍላትም አልለቀቀችውም።

"አንድ ነገር ልጠይቅሽ" አለች። አንቱታው ጠፍቷል። "ይህን የምትዪኝ እንደ ሲስተር ነው እንደ እህት?"

ለሌላ ወላድ ቢሆን ሁስና መልስ አይቸግራትም ነበር። አሁን ግን ጎንበስ ብላ የእህቷን ፊት አየች።

"ሲስተር ሆኜ ሳየው ለልጁ እፈራለሁ" አለች። "እህትሽ ሆኜ ሳየው ለአንቺ እፈራለሁ። ሁለቱም ሂጂ ነው የሚሉሽ። ደግሞ ብቻሽን አትሄጂም።"

ዩምና ራሷን በእሺታ ነቀነቀች። የጤና ጣቢያው ኃላፊ ገብረአማኑኤል ሁስና አብራት እንድትሄድ ሳያንገራግር ፈቀደ፤ አልታየች የምትባለው አዋላጅ ተራዋን ተረከበችላት።

ደጋው ላይ ነፋሱ በአምቡላንሱ መስኮት ስንጥቅ እየገባ ያፏጫል። ቆላ ያደገችው ዩምና ተንቀጠቀጠች። ሁስና ጋቢዋን አለበሰቻት።

"ዝም አትበዪ፤ አውሪኝ" አለች ዩምና።

"ምን ላውራሽ?"

"እማ ስትሞት ማን ነበር አጠገቧ?"

"አንዲት ነርስ። በኋላ ሄጄ ፈልጌ አገኘኋት። እጇን ይዣት ነበር አለችኝ። እማ 'ዩምና መጣሽ?' ስትላት፣ ነርሷ አንጀቷ አልችል ብሎ 'አዎ፣ መጣሁ' አለቻት። ከዚያ ነው ያሸለበችው።"

ዩምና እንባዋን በጋቢው ጠረገች።

"ለምን አልነገርሽኝም?"

"መቼ ሰማሽኝ።"

ሆስፒታል ሲደርሱ ዩምናን ተቀብለው ወደ ኦፕራሲዮን ክፍል አስገቧት። ሁስና ከያዕቁብ ጋር ደጅ አግዳሚ ላይ ተቀመጠች። ሁልጊዜ ከበሩ ወዲያ ነበረች፤ ወዲህ መቀመጥ እንዲህ እንደሚጨንቅ አታውቅም ነበር። ያዕቁብ ዱዓ እያደረገ ነው። እሷ "ያ ረቢ" ብቻ ትደጋግማለች።

በሩ ተከፈተ።

"የዩምና ቤተሰቦች?" አለች አንዲት ወጣት ነርስ። "ወንድ ነው። እናትየውም ደህና ናት።"

"አልሐምዱሊላህ" አለ ያዕቁብ።

"አላህ ይስጥሽ፣ ሲስተር" አለች ሁስና። ነርሷ ፈገግ ብላ ተመለሰች።

ዩምናን ወደ ዋርድ ካወጧት በኋላ ገና ሰመመኑ ሳይለቃት የአምቡላንሱ ሾፌር ወልደኪዳን በበሩ ብቅ አለ።

"ሲስተር፣ እንሂድ እንጂ፤ ጉሙ ሳይወርድብን።"

ሁስና ወደ አልጋው አየች። ዩምና ዓይኗን ሳትገልጥ "እትዬ" ብላ አጉተመተመች፤ ልጅ ሳለች እንደምትጠራት።

"አንተ ሂድ" አለችው። "ለገብረአማኑኤል የዓመት ፈቃዴን ዛሬ ጀምሬያለሁ በልልኝ። አስታማሚዋ እኔ ነኝ።"

ከጥጉ በርጩማ ስባ አልጋው አጠገብ ተቀመጠች።