ድንኳን በር የለውም

የባሌ ቤተሰብ ድንኳን ጭኖ ገጠር የሚወጣው ለመዝናናት አይደለም። ይህን ያወቅሁት ግን ድንኳኑ ተተክሎ ካለቀ በኋላ ነው።

ከዚያ በፊትማ ደስታዬ ለብቻው ነበር። ሳምንቱን ሙሉ የሰው ሶፋ ልብስ ስሰፋ ከርሜ ባሌ «ቅዳሜና እሁድ ከእማዬ ጋር ካምፕ እንወጣለን፤ የቤተሰብ ልማድ ነው» ሲለኝ፣ ከተጋባን ገና ጥቂት ወራችን ስለነበር፣ እኔም ከቤተሰብ ተቆጠርኩ ብዬ ኮራሁ። ንጹሕ አየር አለ፣ ዛፍ አለ፣ ወፍ ይዘምራል አለኝ። ወፏ እውነት ነበረች። የቀረው ሁሉ አማቴ ነበሩ።

ሜዳው ከአስፋልቱ ተገንጥሎ የሚገባ የጭቃ መንገድ መጨረሻ ላይ ነው። መብራት የለ፣ ኔትወርክ የለ። በእጅ የሚገፋ የውሃ ፓምፕ፣ በድንጋይ የተከበበ የእሳት ቦታ፣ እግሩ የተንጋደደ የጣውላ ጠረጴዛ፣ ከቁጥቋጦው ኋላ ደግሞ የቆርቆሮ ሽንት ቤት አለ። ሽንት ቤቱ መቀርቀሪያ የለውም። በሩን በገመድ ከውስጥ ስቦ መቀመጥ ነው፤ ገመዱን የለቀቀ ለሜዳው ሁሉ ይታያል።

ድንኳኑ ትልቅ ነው፤ የባሌ አባት በሕይወት ሳሉ የገዙት። እንደ ባቡር ፉርጎ የተቀጣጠሉ ሦስት ክፍሎች አሉት፣ መውጫው ግን አንድ ነው። መውጫው ላይ አማቴ ይተኛሉ። መሃሉ የዋርሳዬ፣ ማለትም የባሌ ታላቅ ወንድም፣ እና የሚስቱ ነው። ጭራው የእኛ። ስለዚህ አንድ ነገር የቸገረኝ እንደሆነ የዋርሳዬን ሚስት፣ ከዚያ ዋርሳዬን፣ ከዚያ የአማቴን እግር መሻገር አለብኝ። በእኔ ሙያ እንዲህ ያለ ነገር ሰፍቶ ለደንበኛ ያስረከበ ሰው ሁለተኛ መቀስ አይዝም።

የመጨረሻው ካስማ እንደተመታ አማቴ መዳፋቸውን ዘረጉ። ዋርሳዬ፣ ያ በሠፈሩ ሁሉ የሚጮህ የተማሪ ሚኒባስ ሾፌር፣ ቃል ሳይተነፍስ የመኪናውን ቁልፍ መዳፋቸው ላይ አስቀመጠ። በመሐረብ ቋጥረው ደረታቸው ውስጥ ከተቱት።

«እማማ፣ እዚህም ሌባ አለ እንዴ?» ብዬ ሳቅሁ።

ብቻዬን ነበር የሳቅሁት።

«ሌባ የለም፣ ሙሽራዬ። ነይ ተቀመጪ» አሉኝ። በተጣጣፊ ወንበራቸው ላይ ሲቀመጡ ወንበሩ ራሱ ቀጥ አለ። «አንቺ አዲስ ስለሆንሽ ይነገርሽ። እኛ ቤት ነገር የሚቆረጠው እዚህ ሜዳ ላይ ነው።»

ዋርሳዬ ቀበል አደረገና አስረዳኝ። ድሮ፣ ወጣት ሳለ፣ ቤት ውስጥ ከአባቱ ጋር ተጣልቶ በሩን ጓ አድርጎ ሲወጣ ማጠፊያው ተገነጠለ። አባቱ ከዚያ ወዲህ ከባድ ነገር በመጣ ቁጥር ልጆቻቸውን ጭነው እዚህ ያመጡ ጀመር።

«ድንኳን በር የለውም» አለኝ፣ የራሱ ግኝት ይመስል። «ብትናደጂም ዚፕ ነው የምትስቢው። ዚፕ ደግሞ ቢበዛ ዚዝ ይላል እንጂ ማንንም አያስደነግጥም። ሁሉም እሺ እስኪል ማንም ወደ ቤቱ አይመለስም።»

«የዘንድሮው ነገር ምንድን ነው ታዲያ?» አልኩ። ልብ በሉ፣ አሁንም እየሳቅሁ ነው።

«እናንተ ናችኋ» አሉ አማቴ። «ያችን የኪራይ ክፍል ትለቁና እኔ ዘንድ ትገባላችሁ። የጓሮውን ክፍል አስጠርጌዋለሁ።»

ባሌን ዞር ብዬ አየሁት። ድንች እየላጠ ነበር። ድንቹ አልቆበት ልጣጩን መላጥ ሲጀምር ሁሉም ነገር ገባኝ።

ያቺ የኪራይ ክፍል ምን እንደሆነች ልንገራችሁ። ጠባብ ናት፤ አልጋ፣ የስፌት መኪናዬ፣ አንድ ወንበር። ግን መስኮቷ መንገድ ላይ ነው። ስፌት ማንም አላስተማረኝም፤ አሮጌ ልብስ እየተረተርኩ፣ መልሼ እየገጠምኩ ነው የለመድኩት። ደንበኛ ያፈራሁት ደግሞ በዚያ መስኮት ነው። አላፊ አግዳሚው ስሰፋ ያየኛል፣ ቆም ይላል፣ «ይቺን ታጠብቢልኛለሽ?» ይላል። መስኮቷን የወሰደ እንጀራዬን ወሰደ።

«እማማ፣ ደንበኞቼ ጓሮው ድረስ በየት በኩል ይገባሉ?»

«በሳሎኔ በኩል። እኔ እቀበላቸዋለሁ፣ አጫውታቸዋለሁ።»

አንዲት ሴት ቀሚሷን ለማስጠበብ መጥታ አማቴ ሳሎን ስትጫወት ታየችኝ። ከግብዣው ብዛት ቀሚሱ ያለ እኔ መርፌ ሦስት ጊዜ ጠበባት።

«አይሆንም» አልኩ።

«ቀኑ ገና ነው» አሉ በእርጋታ፣ የተቀቀለ እንቁላል እየላጡ። «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል።»

«ይሄኛው ተቀቅሏል፣ እማማ። የትም አይሄድም።»

ትልቋ ምራት፣ የዋርሳዬ ሚስት ማለቴ ነው፣ ሳቋ አመለጣትና ለማስመሰል አሳለች። ያን ጊዜ ወደድኳት። ባልዲ ይዘን ወደ ፓምፑ ስንወርድ ግን እሷ ነበረች ያስፈራችኝ።

«እሺ በያቸው» አለችኝ፣ ፓምፑን ሽቅብ ቁልቁል እየገፋች። «ዋናው ከዚህ ጉድጓድ መውጣት ነው። ቤትሽ ከገባሽ በኋላ ትቀለብሺዋለሽ።»

«አንቺ ቀለበስሽ?»

የእሷ ነገር የጸጉር ቤቷ ነበር። የመጀመሪያ ልጇን እንዳረገዘች እዚሁ አምጥተው «ዝጊው» አሏት። ዝናብ ነበር፣ ያቅለሸልሻት ነበር፣ እግሯ አብጦ ነበር። አንድ ቃል ብቻ ተናግራ ወደ ፍራሿ ለመመለስ ስትል እሺ አለች።

«ቤት ስንገባ እቀለብሰዋለሁ ብዬ ነበር።»

«ታዲያስ?»

«ታዲያማ ባልዲሽ ሞልቷል፣ ውሃውን አትድፊው።»

ባሌን ለብቻው ለማግኘት ቦታ አጣሁ። ድንኳኑ ውስጥ ሰው ሲያስብ እንኳ ለጎረቤት ይሰማል። በመጨረሻ «ሽንት ቤት አብረኸኝ ሂድ፣ ፈርቻለሁ» አልኩት። የሜዳው ብቸኛ በር የሽንት ቤቱ ነው። እኔ ከውስጥ ገመዱን ይዤ፣ እሱ ከውጭ ቆሞ፣ በቆርቆሮው በኩል ተነጋገርን።

«ታውቅ ነበር?»

«ስሚኝ…»

«ታውቅ ነበር ወይ ነው ያልኩህ።»

«እሺ ያልኩት ሳንጋባ ነው። እማዬ አንቺን እንዳገባ የፈቀደችው በዚህ ነው። እዚሁ ሜዳ ላይ ስንት ቀን ተቀምጠን ተነጋግረን ነው።»

ገመዱን ልለቀው ምንም አልቀረኝ። «ስለ እኔ፣ እኔ በሌለሁበት፣ ድንኳን ተክላችሁ ተነጋገራችሁ?»

«ያኔ ቤተሰብ አልነበርሽማ» አለኝ። እግዜር ያሳያችሁ፣ ሊያጽናናኝ ፈልጎ እኮ ነው።

እሁድ ከሰዓት ዝናቡ ጀመረ። እዚያው ድንኳን ውስጥ አምስታችንም ጉልበት ለጉልበት ገጥመን ተቀመጥን። እርጥብ ካልሲ ይሸታል፤ የአንዱ ትንፋሽ ላስቲኩ ላይ ጤዛ ይሠራና በሌላው አንገት ላይ ጠብ ይላል። ጣሪያው ዝቅ ብሎ ጭንቅላቴን ይነካኛል፤ እጄን ብዘረጋ የሰው ፊት ነው፤ እግሬን ብዘረጋ የሰው ሆድ። ዚፑ ዝናብ እንዳይገባ እስከ ታች ተዘግቷል። አማቴ ግን ሳሎናቸው እንደተቀመጡ ናቸው።

«እሺ ይበልጣል ከሺህ» ይላሉ።

«አይሆንም፣ እማማ።»

ዝናቡ ላስቲኩን ይቀጠቅጠዋል።

«ቤቱ የእናንተው ነው። እኔ ሳልፍ ለማን ይቀራል?»

«ዕድሜ ይስጥዎት፣ እማማ። አይሆንም።»

«ምኑ ነው የሚጎድልብሽ? ምግብ የበሰለ፣ ውሃ የተቀዳ…»

«መስኮት።»

«መስኮት አለው እኮ!»

«ወደ ዶሮ ቤቱ።»

«ዶሮ ልብስ አያሰፋም ብላ ነው» አለ ዋርሳዬ፤ ማንም አልሳቀለትም፤ እሱም ወዲያው ሰኞ ጠዋት ትዝ ብሎት ፊቱ ጠቆረ። ተማሪዎቹ በየደጃፉ ቆመው ሊጠብቁት ነው። ባሌ መሃላችን ኩርምት ብሎ ተራ በተራ ያየናል፣ የቴኒስ ጨዋታ የሚመለከት ይመስል። አንድም ኳስ አልነካም።

ሰኞ ነጋ። ዝናቡ ቆመ፣ ዳቦው ግን ረጥቦ እንደ ስፖንጅ ሆኗል። ዋርሳዬ ሰዓቱን አይቶ፣ እኔን አይቶ፣ ድንገት «እማዬ» አለ። «አልቋል። እሺ ብላለች። ጠዋት ለእኔ ነግራኛለች።»

ዓይኔን አፍጥጬ አየሁት። በቅንድቡ ለመነኝ።

አማቴ እጃቸውን ደረታቸው ውስጥ ከተቱ። መሐረቡ ወጣ፤ ቋጠሮው ተፈታ፤ ቁልፉ ብልጭ አለ። «እውነት ነው፣ ሙሽራዬ?»

እንዴት ያለ ነገር ነው! ያቺ ሁለት ፊደል ቃል ምላሴ ጫፍ ላይ ቁጭ አለች። ብተፋት ሚኒባሱ ይነሳል፣ ደረቅ ልብስ እለብሳለሁ፣ በሬን ዘግቼ እተኛለሁ። ደግሞስ ውሸቱን የጀመረው እኔ ነኝ? ትልቋን ምራት አየኋት። ማንም ሳያዛት፣ መልሴን ሳትጠብቅ፣ ፍራሿን እየጠቀለለች ነው። ከዚህ ቀደም እንዲህ ሲጠቀለል አይታለች፤ ራሷ የተጠቀለለችበት ነው።

«አላልኩም» አልኩ። «ማለትም አልችልም።»

ቁልፉ ተመልሶ ተቋጠረ። ዋርሳዬ ግንባሩን መታ። «አንቺ ልጅ ልብሽ ከምንድን ነው የተሠራው?»

ጫማዬን አደረግሁ። ፍራሹን፣ ዋርሳዬን፣ በመጨረሻም «ይቅርታ፣ እማማ» ብዬ የአማቴን እግር ተሻግሬ ዚፑን ሳብሁት።

«የት ልትሄጂ ነው?»

«ቤቴ።»

«በምን?»

«በእግሬ።»

ማንም አልተንቀሳቀሰም። ከልባቸው ግራ ገብቷቸው ነበር። በዚህ ቤተሰብ ታሪክ ነገሩ ሳያልቅ በእግሩ የሄደ ሰው ኖሮ አያውቅም። ስንት ዓመት ቁልፉን ሲደብቁ መንገዱ እዚያው ተዘርግቶ ነበር፤ ግን አስፋልቱ ሩቅ ነው፣ ጭቃ ነው፣ ነውር ነው፣ እና ማንም አስቦት አያውቅም።

ጭቃው ጫማዬን ይይዝብኛል። ማሳ ውስጥ የሚሠሩ ሰዎች ቀና ብለው ያዩኛል። አንዲት ሴት «ደኅና ነሽ፣ እህቴ?» አለችኝ፤ «ደኅና ነኝ፣ አማቴን እየሸሸሁ ነው» አልኳት። «በርቺ!» አለችኝ።

ብዙም ሳልርቅ ከኋላዬ የሚኒባሱ ድምፅ መጣ። ድንኳኑን እርጥብ እንደሆነ ጠቅልለው ጣሪያው ላይ ጭነውታል፣ ውሃ ያዘንባል። አጠገቤ ሲደርስ በእኔ እርምጃ ልክ መሄድ ጀመረ። የፊተኛው መስኮት ወረደ።

«ግቢ፣ ልጄ» አሉ አማቴ በዝግታ። «ሰው እያየን ነው።»

«የት ነው የምታወርዱኝ፣ እማማ?»

«ቤት ደርሰን እንነጋገራለን።»

«ማን ቤት?»

መስኮቱ ወጣ። ሚኒባሱ ግን አልሄደም። እኔ ስራመድ ይራመዳል፣ ስቆም ይቆማል። ሜዳ ላይ፣ ከበላዬ ሰማይ ብቻ እያለ፣ ያ ድንኳን ጎማ አውጥቶ የተከተለኝ መሰለኝ። በጎን መስታወቱ የትልቋ ምራት ፊት ይታየኛል። አታለቅስም፣ አትስቅም፤ እግሬን ነው የምታየው።

«እማዬ!» ብሎ ጮኸ ዋርሳዬ በመጨረሻ። «ፍሪሲዮኔን ጨረስሽው እኮ! እንዲህ ሲነዳ ይቃጠላል። ወይ ትግባ ወይ እንሂድ!»

የሚሸት ነገር ነበር፣ እውነቱን ነው። መስኮቱ እንደገና ወረደ። አማቴ ግን እኔን አላዩኝም፤ ወደ ኋላ ዞረው ነበር።

«አንተ ጩጬ» አሉት ባሌን። «ትወርዳለህ ወይስ ትቀመጣለህ?»

ከመጣን ጀምሮ ምን እንደሚፈልግ እሱን የጠየቀው ሰው አልነበረም። እኔም ጭምር፤ ያን ጊዜ ነው ያስተዋልኩት። የጎን በሩ ተከፈተ። አንድ እግሩ ወጣ። ያቺ እግር አየር ላይ ተንጠልጥላ ስንት ነገር አሰበች። ከዚያ ሁለተኛዋ ተከተለቻት። በሩ ሲዘጋ ጓ አለ፣ ሚኒባሱም ጭቃ ረጭቶን ወደ ፊት ሄደ። አማቴ ወደ ኋላ ዞረው አላዩም።

አልጠበቅሁትም። ግን አልፈጠንኩም። እያለከለከ ደረሰብኝና አጠገቤ መራመድ ጀመረ። ሸሚዙ በዝናቡ አብሮን ከርሞ ሻጋታ ሻጋታ ይላል። አንድ ነገር እንዲል ጠበቅሁ። ይቅርታ አልፈለግሁም፤ «ጎበዝ» ቢለኝም ይበቃኝ ነበር።

«እማዬ እኮ ክፉ አይደለችም» አለኝ።

አስፋልቱ ገና አልታየም። ከዚያ እስከ ዋናው መንገድ ድረስ ስለ እሳቸው አወራኝ፤ ልጅ ሳለ ሲታመም እንዴት እንዳስታመሙት፣ ጓሮው ክፍል ውስጥ ግድግዳውን በገዛ እጃቸው ቀለም እንደቀቡት፣ ቀለሙን የመረጡት እኔ የምወደውን ጠይቀው እንደሆነ።

ክፍላችን ጠባብ ናት ብያለሁ። አልጋ፣ የስፌት መኪና፣ አንድ ወንበር፤ እኔና እሱ እንኳ የምንተላለፈው በጎናችን ነው። በእሱ አፍ አብረውን የመጡትን እሳቸውን የት እንደማስቀምጣቸው እያሰብኩ ሄድኩ።