ሦስት መሣሪያ ብቻ

ባሌ ሕዝቅኤል የግቢያችንን በር እንኳ በቅጡ የማይዘጋ ሰው፣ መጽሐፍ ከጻፈ ወዲህ ሌባ መፍራት ጀመረ። «የጂንካ ሰው አንዱ ገዝቶ ሃምሳው ፎቶ ኮፒ ያደርጋል» አለና በወረቀት ሳያሳትም በኢንተርኔት ብቻ ሸጠው። ያውም ተቆልፎ! አንድ ሰው ከሦስት መሣሪያ በላይ አይከፍተውም፤ ደራሲው ራሱም ቢሆን።

«እኔስ በምን ላንብበው?» ብለው፣ «ሦስቱም ሞልተዋል ሔርሚ። ስልኬ፣ ታብሌቴ፣ የቢሮ ኮምፒውተሬ። አንቺ ደግሞ ግዢው» አለኝ። ታብሌቱንም «ታበላሺብኛለሽ» ብሎ ከለከለኝ። እሱ ሲጽፍ ዓመታት ሙሉ ልጆች ዝም ያሰኘሁ ሴትዮ ልግዛ! እልህ ያዘኝና አልገዛሁም። ግን ምን እንደጻፈ ለማወቅ ውስጤ ይቃጠል ነበር።

መጽሐፉ ስለ ኦሞ ዳር ሰዎች ስለሆነ፣ ባለፈው ወር አንድ ምዕራፍ እንዲያነብላቸው ካንጋተን ወደምትባለው የኦሞ ዳር ከተማ ጠሩት። እኔም አብሬ ሄድኩ፤ ቢያንስ እሷኑ ልስማ ብዬ። አዳራሹ ከሽማግሌ እስከ ወረዳ ሠራተኛ ጢም ብሏል።

መድረክ ላይ ወጥቶ ታብሌቱን ከፈተ። «ፈቃድዎን ለማረጋገጥ ከኢንተርኔት ጋር ይገናኙ» አለው። ኔትወርክ ደግሞ ከጠዋት ጀምሮ የለም። ስልኩንማ ዱስ የሚባል መንደር ሄዶ ወንዝ ውስጥ ጥሎታል፤ አዲሱን «አራተኛ መሣሪያ ነው» ብሎ መጽሐፉ አልቀበልም ካለ ቆይቷል። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች አሉ! ላብ አጠመቀው። ሳቄ መጣ፤ ደግሞ አሳዘነኝ።

ይሄኔ አሕመድ የሚባል የካንጋተን መምህር ከኋላ ተነሣ። የተጠረዘ ፎቶ ኮፒ ይዟል።

«ጋሽ ሕዝቅኤል፣ እንዳይቆጡኝ። መጽሐፉንስ ገዝቻለሁ። እዚህ ኔትወርክ እየጠፋ አልከፈት ሲለኝ፣ ጂንካ በሄድኩ ጊዜ ስክሪኑን ገጽ በገጽ ፎቶ አንሥቼ አሳተምኩት። ተማሪዎቼ ሁሉ አንብበውታል።»

ሕዝቅኤል ሊጮህ አፉን ከፈተ፤ ሰዉን አየና ዋጠው። «እግዜር ይስጥልኝ» አለ እንደምንም።

ጥራዙ ወደ መድረኩ ከእጅ ወደ እጅ ሲተላለፍ እኔ ጋ ደረሰ። አላስቻለኝም፣ ገለጥኩት። የመጀመሪያው ገጽ ላይ፦ «መታሰቢያነቱ እያንዳንዱን መስመር ከማንም በፊት ላነበበችልኝ ለውድ ባለቤቴ ለሔርሜላ» ይላል።

ወይ ጉድ!

«ሔርሚ፣ አቀብይኝ እንጂ! ሰው እየጠበቀ ነው» አለኝ ከመድረኩ።

«ይጠብቃ» አልኩት። «ከማንም በፊት እያነበብኩልህ ነው።»

ተደላድዬ ተቀመጥኩና ሁለተኛውን ገጽ ገለጥኩ።