የፍልሰታ አስራ ስድስት ቀናት

“አንድ ቀን ሳታቋርጥ” የሚለውን ገላነሽ ልብ ያለችው ሀናን ወደ ሁለተኛው ገጽ ከተሻገረች በኋላ ነው።

“ቆይ እስቲ፣ ወደ ኋላ ተመለሺ። ምን አልሽ?”

ሀናን የጎረቤቷ የዋፊቃ ልጅ ናት፤ ነርስነት ትማራለች። የገላነሽን ልጅ ዮዲን የሚያክመው ዶክተር ኤልሳዕ ኩላሊታቸው ታሞ ፊትና እግራቸው ስለሚያብጥ ሕፃናት ያሳተመውን ጥናት ፕሪንት አድርጋ ያመጣችው ገላነሽን ደስ ልታሰኝ ነበር።

“ሰባተኛዋ ሕፃን፤ ሴት፣ ዕድሜ ስድስት፣” ብላ እየተረጎመች አነበበች። “ዮዲ አይደለችም? ወላሂ ታዋቂ ሆነች! ‘መድኃኒቱን ስድስት ሳምንት ሙሉ፣ አንድ ቀን ሳታቋርጥ ወስዳለች፤ ሆኖም ለውጥ አላሳየችም’ ይላል። ምነው እትዬ? ላብ አጠመቀዎት።”

ገላነሽ ነገ ንጋት ዮዲን ይዛ አዲስ አበባ ትሄዳለች፤ መድኃኒቱ አልሠራላትም ተብሎ ያስያዘችው ወረፋ ደርሶ ከልጅቷ ኩላሊት በመርፌ ናሙና ሊወሰድ ነው። አባቷ አባይነህ ከሚያስተምርበት ከድሬ ጠያራ መጥቶ መናኸሪያ ያገኛቸዋል። ሳምንቱን ሙሉ ክፉ ክፉውን ስታስብ ነበር፤ አውቶቡሱ ሲገለበጥ፣ መርፌው ሲስት፣ ልጇ ሳትነቃ ስትቀር። ይህን ግን አላሰበችውም።

አምና በፍልሰታ ዮዲ እንደ ሰፈሩ ልጆች በየቀኑ ትቆርብ ነበር። ቅዳሴ እስኪወጣ እህል ውሃ አይቀመስም፤ ክኒኑ ደግሞ ጠዋት ከምግብ ጋር ነው የተባለው። ከሰዓት በኋላ ይሰጥ እንደሆነ እንኳ አልጠየቀችም። ከቁርባን በላይ ክኒን መጨመር እምነት ማጉደል መሰላት፤ አስራ ስድስቱንም ቀን ተወችው። ዶክተሩ በየዕለቱ ምልክት ያድርጉ ብሎ የሰጣትን ቅጽ በቀጠሮው ዋዜማ ተቀምጣ፣ በአንድ እስክሪብቶ ከላይ እስከ ታች ሞላችው። “እናቶች ሁሉ እንደ እርስዎ ጠንቃቃ ቢሆኑ!” ብሎ አመስግኗት ነበር።

“ውሸቴ ታተመ፣” አለች ቀስ ብላ።

“የምን ውሸት?”

ነገረቻት። ሀናን ወረቀቱን ጭኗ ላይ አስቀመጠች።

“ታዲያ መድኃኒቱ መቼ እንቢ አላት? በደንብ አልተሞከረማ!”

“ዝም ብልስ?”

“ምናልባት በማያስፈልጋት መርፌ ትወጋለቻ።”

“ብናገር ደግሞ ሁለተኛ ዓይኗን አያይልኝም። ባለጌ ብሎ ያባርረኛል።”

“አቦ እትዬ! ይስደብዎት፤ ስድብ ኩላሊት አይወጋም። ይደውሉ።”

ገላነሽ ደወለች። የተናገረችው በአንድ ትንፋሽ ነው፤ ከመሃል ቢያቋርጣት ትዘጋው ነበር።

“ስንት ቀን አሉኝ?” አለ ዶክተሩ።

“አስራ ስድስት።”

“ቅጹን ግን... በእጄ ይዤ አመስግኜዎታለሁ እኮ።”

“አዎ፣ ዶክተር።”

“ነገ አይሂዱ። ዮዲን ወደ እኔ ያምጧት፤ ምርመራ አድርገን ሕክምናውን እንደገና እናየዋለን። ስሕተቱ እንዲታረም ለመጽሔቱ እጽፋለሁ።” ድምፁ ተለወጠ። “ወይዘሮ ገላነሽ፣ መድኃኒቱ አልሠራላቸውም ብዬ የጻፍኳቸው አስራ አንድ ልጆች ናቸው። በዚያ ፍልሰታ ያቋረጠ ሌላ ሰው ያውቃሉ?”

ገላነሽ በለጡን ታውቃለች። በቁርባን ሰልፍ ላይ ኋላዋ ቆማ፣ “ክኒኑንስ እንዴት እያደረግሽ ነው?” ብላ የጠየቀቻት በለጡ ናት። “ሁለቱ አይቀላቀሉም፤ ተይው፣” ያለቻት ደግሞ ራሷ ገላነሽ። የበለጡ ልጅ ኡራኤል የመጀመሪያው አልሠራለትም ተብሎ ጠንካራውን መድኃኒት ከጀመረ ወር ሆኖታል፤ የበላው አይረጋለትም።

“ዛሬ እንድትደውልልዎት አደርጋለሁ፣” አለች። ስም አልጠራችም።

ለአባይነህም ነገ እንዳይመጣ ደውላ ነገረችው። “ለምን?” ሲላት፣ “ስትመጣ ትቆጣኛለህ፤ አሁን ግን አትምጣ፣” ብላ ዘጋች።

ገላነሽ ያስጠራቻት በለጡ ለዓይን ያዝ ሲያደርግ ከኤረር በር ሰፈር በኩል እየሮጠች ደረሰች። ከሀናን አፍ ሁሉንም ቆማ ሰማች።

“አዋቂዋ! የቅጹን አሞላል እንኳ ያስተማርሽኝ አንቺ አይደለሽም?” አለች ጮክ ብላ። “አሁን ደግሞ ቀድመሽ ንስሐ ገብተሽ እኔን ለስድብ አቀረብሽኝ።”

“ስምሽን አላነሳሁም።”

“ታዲያ ምን ፈለግሽ?”

“አንቺው ንገሪው። ስሕተቱ የኔ ነው፤ ገላነሽ ናት ያሳሳተችኝ በይው።”

“ልጄ ወር ሙሉ ያስመለሰው... በከንቱ ነው?”

“አላውቅም። እሱ ነው የሚያውቀው።”

በለጡ ነጠላዋን አፏ ላይ ጭና ቆመች። ከዚያ ዘወር ብላ ወደ በሩ መራመድ ጀመረች። “ነገ እደውላለሁ። ዛሬ አልችልም።”

ገላነሽ ቀደመቻት። የዶክተሩን ቁጥር አውጥታ ስልኩን በለጡ እጅ ላይ አስቀመጠች፤ ከዚያም በሩን ከውስጥ ቆለፈችው።