ሠላሳ ዓመት ያልዘነበበት ሳምንት

ሰፈሩ ጃንጥላ ይለዋል። ስሙን ያወጡለት ጎረቤቶቹ ናቸው፤ ፀሐይ አናት በሚበሳበት ቀን እንኳ ጥቁሩን ጃንጥላ በብብቱ ሸጉጦ ሲወጣ እያዩ። እሱም አልተቀየመም። ሃያ ሁለት ዓመት በአየር ሁኔታ መሥሪያ ቤት የሠራ ሰው ነው። ጠዋት ጠዋት መሥሪያ ቤቱ ግቢ ውስጥ የተተከለውን የዝናብ መለኪያ ከፍቶ ያደረውን ውሃ ይለካል፤ ከዚያ ገብቶ መዝገቡ ላይ ይጽፋል። እንዲህ ያለ ሰው ሰማይን አያምንም።

ሚስቱ ግን ስሙም ጃንጥላውም ሰልችቷታል። እሷ የትልቅ ሆቴል ልብስ ማጠቢያ ክፍል ውስጥ ነው የምትሠራው። ሰው እረፍት ወጥቶ የሚተኛበትን አንሶላ ስታጥብ፣ ስትተኩስ፣ ስታጥፍ ትውላለች። እንግዶቹ አፍንጫቸው በፀሐይ ተልጦ፣ ጫማቸው አሸዋ ሞልቶ ይመጣሉ፣ ይሄዳሉ። እሷ የምታየው አንሶላቸውን ብቻ ነው። ወገቧን ያማታል። ማታ እግሯን ለብ ባለ ውሃ ካልነከረች እንቅልፍ አይወስዳትም።

ከተጋቡ አሥራ ስምንት ዓመታቸው ነው፤ በየዓመቱም በጋው ሊገባ ሲል አንድ ወሬ አለ። ባሕር ያለበት አገር ሄደን አንድ ሳምንት እንረፍ። በየዓመቱም ጃንጥላ አንድ ነገር አያጣም። አንዱን ዓመት ደመና፣ አንዱን ዓመት ንፋስ፣ አንዱን ዓመት ደግሞ «የአየር ግፊቱ አላማረኝም» አለ። የአየር ግፊት ምን አድርጎት እንደሆነ እንጃ፤ እሷም ሻንጣውን መልሳ ቁም ሣጥኑ ላይ ወረወረችው።

ዘንድሮ ግን እግሯን ውሃው ውስጥ እንዳደረገች፣ ቀና ሳትል፣ እንዲህ አለችው፦

«ስማኝ። ለመጨረሻ ጊዜ ነው የምጠይቅህ። አንድ ሳምንት እኔ ያላጠብኩት አንሶላ ላይ መተኛት እፈልጋለሁ። ካልሆነ ግን ከእንግዲህ አልጠይቅህም።»

አልጮኸችም፣ አላለቀሰችም። ብትቆጣ ይሻለው ነበር። የምትጠይቅ ሚስት ገና ከባሏ የምትጠብቀው ነገር አላት። መጠየቅ የተወች ሚስት ግን አብራው እየበላች፣ አብራው እየተኛች፣ ሄዳለች ማለት ነው። ጃንጥላ ይህን ለመረዳት ትንበያ አላስፈለገውም፤ ፈራ።

ስለዚህ ሥራውን በሚያውቀው መንገድ ጀመረ። ሌላው ሰው ሆቴል ሲመርጥ ፎቶ ያያል፤ እሱ ሚሊ ሜትር አየ። ድንበር ማዶ ካለው የባሕር ዳርቻ ከተማ የሠላሳ ዓመት የዝናብ መዝገብ አስመጣ፤ መሥሪያ ቤቶቹ እንዲህ ያለውን ነገር ይለዋወጣሉ። ምሳውን ጠረጴዛው ላይ እየበላ ኮምፒውተሩ ላይ ረድፍ በረድፍ ሲወርድ ሰነበተ። የበጋው መግቢያ እዚያ አገር እምነት የሚጣልበት አልነበረም፤ አንድ ቀን ፀሐይ፣ ሁለት ቀን ዝናብ። ከዚያ መሐል አንድ ሳምንት አገኘ። ሰባት ቀን፣ ሠላሳ ዓመት፣ ዜሮ። ከሳምንቱ በፊት ይዘንባል፣ ከሳምንቱ በኋላ ይዘንባል፤ በዚያ ሳምንት ግን ጠብ አትልም።

ይህኔ መጠርጠር ነበረበት። በሬ ሆይ ሣሩን አይተህ ገደሉን ሳታይ ይሉ የለ፤ ሰማይን የማያምነው ሰው ወረቀቱን አመነ። ትኬቱን ቆረጠ፣ ሆቴሉን ያዘ፣ ፈቃዱን አስፈረመ። ሚስቱ ሻንጣውን አውርዳ አቧራውን ጠረገች። አማቱም ቤት ሊጠብቁ፣ አበባ ሊያጠጡ ነጠላ ጫማቸውን ይዘው መጡ። ሚስቱ አንድ ቀን አንሶላ እያጠፈች ስታንጎራጉር የሥራ ባልደረቦቿ ሰምተው «ምን ተገኘ?» አሏት። «ምንም» አለች፤ ግን ሁሉም ገባቸው።

በረራው ዓርብ ከሰዓት በኋላ ነበር። ሐሙስ ጠዋት የመዝገቡ ዋና ወረቀቶች ፎቶ ደረሰው፤ በእጅ የተጻፉት፣ ኮምፒውተር ከመምጣቱ በፊትና በኋላም ጣቢያው ላይ የተሞሉት። ለክፉም ለደጉም ብሎ ያዘዛቸው እሱ ራሱ ነው። አርፎ ቢቀመጥ ምን ነበረበት። ከፈታቸው። ያ ሳምንት በየዓመቱ ነጭ ነው። ዜሮ የለም፣ ሰረዝ የለም፣ ምንም አልተጻፈበትም። ዳር ላይ ብቻ፣ ሠላሳውንም ዓመት በአንድ ሰው እጅ ጽሑፍ፣ ሁለት ቃል አለች። ቋንቋውን ስለማያውቅ እዚያ አገር ያለችውን የመዝገብ ክፍል ሠራተኛ ጠየቃት። ሰዓት ሳይሞላ መልሷ መጣ።

«ተመልካቹ ፈቃድ ላይ፣ ማለት ነው። ጣቢያው ላይ የነበረው አንድ ሠራተኛ ብቻ ነው፤ በየዓመቱ በዚያ ሳምንት እረፍት ይወጣ ነበር። ወረቀቱ ወደ ኮምፒውተር ሲገለበጥ ባዶው ሁሉ በዜሮ ተሞልቷል። ይቅርታ እንጠይቃለን።»

ጃንጥላ ቀና ብሎ ግድግዳውን አየ። ከጠረጴዛው በላይ ራሱ በወፍራም እስክሪብቶ ጽፎ የለጠፈው ወረቀት አለ፦ ባዶ ዜሮ አይደለም። አዲስ ሠራተኛ በመጣ ቁጥር እዚያ ወረቀት ሥር አቁሞ ያስተምራል። ዜሮ ማለት አየሁ፣ አልዘነበም ማለት ነው። ባዶ ማለት ማንም አላየም ማለት ነው። ስንቱን ልጅ በዚህ አሰልችቷል። ስህተቱን ሌላ ሰው ቢሠራው ባልገረመ።

ከሳምንቱ ግራና ቀኝ ያሉትን ቀናት አየ። ከሦስት ቀን ሁለቱ ዝናብ ነው። የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል። ራሱን በሁለት እጁ ይዞ ተቀመጠ።

ከምሳ በኋላ ደግሞ አለቃው በር ላይ ቆሙ።

«ተተኪዎ ደረጃ ላይ ወድቃ ቁርጭምጭሚቷ ተሰብሯል» አሉት። «ሌሎቹ መስክ ወጥተዋል፤ ይህን ሳምንት የሚለካልን ሰው የለም። እኔ ይሂዱም አልልም፣ ይቅሩም አልልም፤ ፈቃዱ የእርስዎ ነው። መዝገቡ ግን ባዶ ይሆናል።»

አለቃው የት እንደሚያመው ያውቃሉ። በሃያ ሁለት ዓመት መዝገቡ አንድ ቀን ባዶ ሆኖ አያውቅም። አባቱን የቀበረ ዕለት መጀመሪያ ለክቶ ነው የሄደው። የሠርጉ ዕለት ሙሽራ ሆኖ፣ አበባ ደረቱ ላይ ሰክቶ፣ መለኪያው ላይ ጎንበስ ሲል የዘበኛው ሚስት አይታዋለች፤ እስካሁን ታወራለች። ፈቃድ ሲወጣ እንኳ ጠዋት ጠዋት እየመጣ ይለካና ወደ ቤቱ ይመለስ ነበር። ተተኪዋ በስም ብቻ ናት፤ አንድም ቀን በእሱ ቦታ ለክታ አታውቅም።

«እስኪ ላስብበት» አላቸው።

ቤቱ ሩቅ አይደለም፤ ግን ዙሪያውን ሄደ። ዕድሜ ልኩን አንድ ሰበብ ሲፈልግ የኖረ ሰው በአንድ ቀን ሁለት አገኘ፤ ሁለቱም እውነት፣ ሁለቱም በማስረጃ። ደስ አለው ማለት ነውር ነው፣ ግን ደስ አለው። ከዚያ በራሱ አፈረ። ወዲያው ደግሞ ደከመው።

ሲገባ አማቱ ወጥ ያማስላሉ። ሚስቱ አልጋ ላይ የተከፈተው ሻንጣ ፊት ቆማ ሸሚዞቹን በሆቴል አስተጣጠፍ ጠርዝ በጠርዝ ታስተካክላለች። ጃንጥላውን በር ላይ አስደግፎ ሁሉንም ነገራት። ዜሮውን፣ ባዶውን፣ ፈቃድ ላይ የነበረውን ሰው፣ የተተኪዋን ቁርጭምጭሚት። አንዱንም አልደበቀም።

«እና ይዘንባል ነው የምትለው?» አሉ አማቱ ከወጥ ቤት ብቅ ብለው። «ባሕሩስ ራሱ ውሃ አይደል እንዴ ልጄ? ዝናቡ ምን ይጨምርበታል?»

«እማዬ፣ ቆይ እስኪ» አለች ሚስቱ። ከዚያ ወደሱ ዞረች። «አያ ጅቦ ሳታመካኝ ብላኝ።»

«እያመካኘሁ አይደለም። እውነቱን ነው የነገርኩሽ።»

«ውሸት ነው መች አልኩህ? አንተ አትዋሽም። አሥራ ስምንት ዓመት ሙሉ በእውነት ነው ያስቀረኸኝ።»

እሷ አንዱን ሸሚዝ አጥፋ ሌላውን አነሳች።

«ያ ሰውዬ» አለችው፣ «በየዓመቱ ነበር የሚሄደው?»

«በየዓመቱ።»

«ተተኪ ነበረው?»

«አልነበረውም። ብቻውን ነው።»

«መዝገቡንስ ምን ያደርገዋል?»

«ባዶ ይተወዋል።»

«ከሥራ አላባረሩትም?»

«ሠላሳ ዓመት የሱ እጅ ጽሑፍ ነው።»

«ሰማዩስ?»

«ሰማዩ ምን?»

«ወደቀ ወይ ነው የምልህ።»

ጃንጥላ እጁን አየ። ሚስቱ የሸሚዙን ክንድ ወደ ኋላ አጠፈች፣ በመዳፏ ዳበሰችው። «የዚያ ሰውዬ ሚስት ታድላ» አለች። በምሬት አልነበረም፤ የጎረቤት ቤት ጣራ አያፈስም እንደማለት ነው ያለችው።

ከዚያ ሻንጣውን ሳትዘጋ ትታው እግሯን ልትነክር ሄደች። ተከትሏት ወጥ ቤት ድረስ ሄደ። እንሄዳለን ወይስ አንሄድም ትለኛለች ብሎ ጠበቀ። ውሃውን ጨመረች፣ ጨው በተነችበት፣ ተቀመጠች። ራት ቀረበ፤ በሉ። ስለ ሽንኩርት ውድነት ከእናቷ ጋር አወራች። እሱ ግን ጥያቄዋን ብቻ ይጠብቅ ነበር። አልጠየቀችውም።

በማግሥቱ ጠዋት እንደ ሁልጊዜው ግቢው ውስጥ መለኪያውን ከፈተ። ደረቅ ነው። ገብቶ ዜሮ ጻፈ። አይቷል፣ አልዘነበም። ከሥሩ ሰባት ባዶ ረድፎች አሉ። እስክሪብቶውን እንደያዘ ብዙ ቆየ፤ ግቢው ውስጥ ያለው ዘበኛ ሁለት ጊዜ በመስኮት አይቶት አለፈ። ከዚያ ዳር ላይ፣ ማንም በማይጽፍበት ቦታ፣ እንደ አንደኛ ክፍል ተማሪ ፊደል በፊደል ጻፈ፦ ተመልካቹ ፈቃድ ላይ።

አለቃው መጥተው ከኋላው ቆመው አነበቡ።

«ጻፉት?»

«ጻፍኩት።»

«ሲመለሱ ባዶውን ምን እንሙላው?»

«ምንም» አላቸው። «ባዶ ባዶ ነው።»

ቤቱ ሲደርስ ሚስቱ በር ላይ ቆማለች። ለሥራም ለጉዞም አልለበሰችም። ከእግር እስከ ራሱ አየችው፣ ከዚያ እጁን፣ ከዚያ ብብቱን።

«ጃንጥላህስ?» አለችው።

ጠየቀችው። አንድ ቃል ናት፣ ግን ጥያቄ ናት፤ ጃንጥላ ከትናንት ማታ ጀምሮ የያዘውን ትንፋሽ ለቀቀ። ያኔ ነው ራሱም ልብ ያለው፤ መሥሪያ ቤት መንጠቆው ላይ ረስቶታል።

«ረሳሁት» አላት። «ሻንጣውን ዝጊው፣ መኪናው ሊመጣ ነው።»

አማቱ ከኋላ ሆነው «አዪ፣ ዛሬማ ይዘንባል» አሉ። ማንም አልሳቀም፤ ግን ቤቱ ቀለል አለው።

እዚያም ዘነበ። እንደ ደረሱ ጀመረ፣ ቅዳሜ ዋለ፣ እሑድም ቀጠለ። ባሕሩ ከመስኮቱ እስከ ሰማዩ አንድ ግራጫ ነው። ጃንጥላ መስኮቱ ሥር ወንበር ስቦ ተቀመጠ። ሰገነቱ ላይ አንድ ሰው የረሳው ብርጭቆ አለ፤ ውሃው ቀስ እያለ ይሞላል። በዓይን ብቻ ስንት እንደሆነ ይነግርህ ነበር። እጁ ሳያውቀው ወደ ደረት ኪሱ ሄደ፣ እስክሪብቶውን ነካ፣ ትቶት ተመለሰ።

ሚስቱ ከትናንት ጀምሮ ተኝታለች። ለምግብ ተነስታ፣ በልታ፣ መልሳ ተኛች። ፊቷ ነጩ አንሶላ ላይ ተጋድሞ፣ አፏ ትንሽ ተከፍቶ፣ ማንም እንደማይጠራት ሰው ወገቧን ዘርግታ ነበር። ከወንበሩ ተነስቶ ጫማውን አወለቀና ከጎኗ ጋደም አለ። ነቃ አለች፣ ዓይኗን ግን አልገለጠችም።

«እየዘነበ ነው እንዴ?» አለችው።

«እንጃ» አላት፣ መጋረጃውን እየሳበ። «አላየሁም።»