መያዣው አልቋል

ነጋዴው ሠላሳ ዓመት ሙሉ አሮጌ ዕቃ ሲገዛና ሲሸጥ የኖረ ሰው ነው። አንድ ወንበር ልቡን ቢሰርቀው እንኳ ቀና ብሎ አያየውም፤ "ይሄ ደግሞ ምን ይሠራል?" ብሎ ይጀምራል። የሻጩ ልብ ሲወርድ ዋጋውም አብሮ ይወርዳል። በዚህ ሙያ የሚስተካከለው አልነበረም፤ ምነው ባልቻለበት!

ልጁ ከሞተች ሁለት ዓመት ሊሞላ ነው። ጎልፍ ትጫወት ነበር። ከዱላዎቿ ሁሉ አብልጣ የምትወደው ኳሷን መጨረሻ ላይ ወደ ጉድጓዷ ገፋ የሚያደርጉባትን አጭሯን ዱላ፣ ፓተሯን ነበር። ዛሬ የማትመረት፣ ሰብሳቢዎች የሚሻሙባት ዓይነት ናት፤ አባቷ ነው ከአሮጌ ዕቃ መሃል ያገኘላት። ከአሥር ዓመቷ ጀምሮ ቤት ውስጥ ኮሪደሩ ላይ ስትለማመድ፣ የቆዳ መያዣው የአውራ ጣቷ ማረፊያ ላይ ጎድጉዶ ቀረ። ከቀብሩ በኋላ እናትየው ጠዋት ጠዋት ኮሪደሩ ላይ ቁጭ ትልና የራሷን አውራ ጣት እዚያች ጎድጓዳ ውስጥ ታሳርፋለች። ሌላ ምንም አታደርግም። ባልየው ይህን በየቀኑ ያያል። ከዓይኗ ከራቀ ይሻላት ይሆናል ብሎ፣ አንድ ቀን ገበያ በሄደችበት ዱላዋን ለአንድ መንገደኛ ሸጣት።

ሚስቱ አልጮኸችበትም። ምግብ ታቀርብለታለች፣ ሸሚዙን ትተኩስለታለች፤ ቃል ግን የለም። ዓመት ሞላ።

አንድ ቀን ሱቁ ውስጥ ስልኩን ሲነካካ፣ አሮጌ ዕቃ በሚሸጥበት የኢንተርኔት ገበያ ላይ "ያገለገለች ብርቅዬ ፓተር" የሚል አየ። ፎቶውን አሰፋው። ብረቷ ጥግ ላይ ልጁ በጥፍር ቀለም ያኖረቻት ቀይ ነጥብ አለች። መያዣው ያው ነው፣ ጎድጓዳውም ያው። ታዲያ ምን ቢጽፍ ጥሩ ነው? ያው የለመደውን ጻፈ።

"ዱላዋ ደህና ናት። መያዣው ግን አልቋል፤ ይሄን ማን በእጁ ይይዘዋል? በል ቀንስልኝ።"

ሻጩ ሳይከራከር ቀነሰለት። ነጋዴው እንደ ልጅ ፈነደቀ።

"አግኝቻታለሁ" አላት ሚስቱን እቤት እንደገባ። "ዱላዋን። በዚህ ሳምንት ትመጣለች።"

ቀና ብላ አየችው። "መያዣው አለ?"

"አለ። በዓይኔ በብረቱ አይቼዋለሁ።"

በዓመት ውስጥ የሰማው የመጀመሪያ ቃሏ ነበር።

ጥቅሉ ሐሙስ ረፋድ ላይ ደረሰ። ማሸጊያውን በመቀስ የቀደደችው እሷ ናት። ቀይዋን ነጥብ ስታይ ፊቷ በራ። አውራ ጣቷን ወደ መያዣው ሰደደች። ጣቷ ተንሸራተተ። መያዣው ጥቁር፣ አዲስ፣ ጎማ ጎማ የሚሸት ነበር። ከካርቶኑ ውስጥ አንዲት ቁራጭ ወረቀት ወደቀች።

"ጋሼ፣ መያዣው አልቋል ስላሉኝ በአዲስ ቀይሬልዎታለሁ። ሂሳብ የለውም፣ ከእኔ ስጦታ ነው። በደስታ ይጫወቱባት።"

ነጋዴው እዚያው ቆሞ ለሻጩ ደወለና ስልኩን ስፒከር ላይ አደረገው። አሮጌውስ የት አለ?

"ቀድጄ ጣልኩት፤ ማክሰኞ ከቆሻሻ ጋር ሄደ" አለ ሻጩ። ድምፁ የወጣት ነው። "ምነው ጋሼ፣ አዲሱ አልተመቸዎትም?"

ሚስቱ ስልኩን ከእጁ ወሰደች።

"የልጄ ነበር" አለች። "ሞታብኛለች። የጣቷ ቦታ የቀረው እዚያ ላይ ብቻ ነበር።"



"እኔን እናቴ!" አለ ወጣቱ። "ምነው፣ ይሄን ቢነግሩኝ ምን ነበረበት? እንዳለች በነፃ እልክላችሁ ነበር እኮ!"

ስልኩን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችና ወደ ባሏ ዞረች።

"ሰማህ?" አለችው።

ሰምቷል።