እስከ አስር ሰዓት

ዳቦ ጋጋሪዋ የግድግዳውን ሰዓት ቀና ብላ አየች፤ ዘጠኝ ተኩል። ቀኝ ክንዷ ከትከሻዋ ጀምሮ ይጠዘጥዛታል። ሠላሳ ዓመት ሊጥ ሲያቦካ የኖረ ክንድ ምን ያድርግ፣ ልጆቼ!

ከሦስት ወር በፊት በደላላው በኩል አንድ ውል ገዝታ ነበር። የገዛችው ዱቄቱን ሳይሆን መብቱን ነው። ዱቄት የቱንም ያህል ቢወደድ መቶ ኩንታል በድሮው ዋጋ መግዛት ትችላለች፤ ካልፈለገች ትተወዋለች፤ ወይም መብቱን ለሌላ ትሸጠዋለች። ብቻ ሁሉም እስከ ዛሬ አስር ሰዓት ነው። ከዚያ ወዲያ ውሉ ባዶ ወረቀት ነው።

በሁለተኛው ወር ዱቄት ሰማይ ነካ። ያን ቀን ብትሸጠው ኖሮ የሊጥ ማቡኪያ ማሽን ይገዛላት ነበር። "ትንሽ ታገሺ እንጂ፣ ገና ይወጣል!" ያላት ባሏ ነው። ታገሠች። ዱቄት ወረደ።

ስልኩን አነሳችና ለደላላው ደወለች።

"ልጄ፣ እንዴት ሆነልኝ?"

"እማማ፣ ዱቄት ከውልዎ ዋጋ የሚበልጠው በጥቂት ነው። አሁን ብሸጥልዎ የአንድ ኩንታል ዱቄት ዋጋ ያገኛሉ።"

"ባለፈው ሳምንትም የዱቄት ዋጋ ይኸው ነበር፤ ያኔ እኮ እጥፉን ይሰጡኝ ነበር!"

"ያኔ ሳምንት ቀርቶት ነበራ! የገዙት እኮ ቀን ነው እማማ፤ ቀኑ ደግሞ አለቀ።"

ባሏ ከጆንያዎቹ ጀርባ ብቅ አለ። "ግማሽ ሰዓት አለ! ማን ያውቃል?"

"አንተ ሰውዬ፣ ሦስት ወር ሙሉ ማን ያውቃል ስትል ከረምክ። እኔን ደከመኝ።" ወደ ስልኩ ተመለሰች። "ሽጠው ልጄ። አደራህን፣ አስር ሰዓት ላይ ዋጋው ስንት እንደደረሰ እንዳትነግረኝ።"

ስልኩን ዘጋችና የነገውን ዱቄት ገንዳው ላይ ገለበጠች። አስር ሰዓት ሲሆን ሁለቱም ቀና ብለው ሰዓቱን አላዩም። ውሃውን ጨምራ ገና ከመጀመሯ ክንዷ ወጋትና ከንፈሯን ነከሰች።

ባሏ አያት። እጅጌውን ሰብስቦ እስከ ክርኑ ታጠበ፤ በትከሻውም ገፋ አደረጋት።

"ዞር በይ፣ ማቡኪያሽ መጥቷል። ትንሽ አሮጌ ነው እንጂ።"

"ይሠራል?"

"እያቃሰተ።"

ጆንያ ላይ ተቀምጣ እግሯን ዘረጋች። ወደ ገንዳው አንገቷን አሰገገችና፣

"ውሃ ጨምርበት፤ ደርቋል" አለችው።