መንገዱን አታሳጥሪብኝ

አቶ ገብረየስ የዓይናቸው ብርሃን ከጠፋ ወዲህ ከጂግጂጋ ወጥተው አያውቁም። ከመንገድ ግን አልተለዩም። ልጃቸው ሶሲና ከመስክ በተመለሰች ቁጥር ጫማዋን አውልቃ አልጋቸው ጫፍ ላይ ትቀመጥና ያየችውን ትነግራቸዋለች። እሳቸውም ከዘራቸውን በጉልበታቸው መሃል አቁመው፣ ፊታቸውን ወደ ድምፅዋ አዙረው አብረዋት ይሄዳሉ።

ሶሲና የክትባት ማቀዝቀዣ ጠጋኝ ናት። ከደምበል ወይም ከአይሻ «ማቀዝቀዣው ቆመ» የሚል ስልክ ሲመጣ የመፍቻ ቦርሳዋን አንጠልጥላ ከመሥሪያ ቤቷ ሾፌር ከባሬ ጋር ትወጣለች። አባቷ በጉልበታቸው ዘመን ያንኑ መንገድ በከባድ መኪና ሲመላለሱበት የኖሩ ሰው ናቸው። ሚስታቸው ሞታ፣ ዓይናቸውም ከድቷቸው የቀራቸው ነገር ቢኖር ልጃቸውና ይህ መንገድ ነበር።

«ከከተማ ወጥተን ደምበል ስንደርስ ሰዉ ገበያ ወጥቶ…» ብላ ትጀምራለች።

«ቆይ፣ ቆይ። መሃሉን ማን በላው?»

«መሃል ላይ ምንም የለም እኮ አባባ። ሜዳ ነው።»

«ሜዳው ምን ለብሷል?»

ሶሲና ትስቅና ወደ ኋላ ትመለሳለች። ሣሩ ቢጫ መሆኑን፣ ቁልቁለቱ ሲጀምር ነፋሱ መሞቁን፣ ደረቁ ወንዝ ውስጥ ሴቶች አሸዋ ቆፍረው ውሃ ሲቀዱ ማየቷን ትነግራቸዋለች። እሳቸው ደግሞ እየሰሙ ያርሟታል። «የለም፣ የለም፤ ነጩ የሼኩ መቃብር ከወንዙ በፊት ነው። ዋርካውን ካለፍሽ በኋላ በቀኝ። ያኔ በግራ ያየሽው የውሃ ታንከር ይሆናል።» አንድም ቀን ተሳስተው አያውቁም።

በሩ አጠገብ ባለችው በርጩማ ላይ ጉሃድ ይቀመጣሉ። ጉሃድ የአቶ ገብረየስ የድሮ የመንገድ ባልደረባ፣ የአሁን ጎረቤት ናቸው። ሶሲና እንደ ሠፈሩ ልማድ «አዴር» ትላቸዋለች፣ አጎቴ እንደማለት። በ2010 ክረምት ከተማዋ በረብሻ በታመሰች ጊዜ አባትና ልጅን እቤታቸው አስገብተው፣ ራሳቸው ደጃፉ ላይ ቁጭ ብለው ያደሩ ሰው ናቸው። ስለዚያ ሌሊት ሦስቱም አያወሩም። መንገዱ ሲተረክ ጉሃድ መቁጠሪያቸውን እያንከባለሉ ግማሹ ላይ ያንቀላፉና መጨረሻው ላይ ነቅተው «ደረሳችሁ?» ይላሉ።

በመሥሪያ ቤትም ከመስክ የተመለሰ ሁሉ የጉዞ ዘገባውን በቴሌግራም ቡድናቸው ላይ ያሰፍራል፤ ቀጥሎ የሚሄደው ሰው መንገዱን እንዲያውቀው ነው። ሶሲና መጀመሪያ ላይ ለአባቷ እንደምታወራው ነበር የምትጽፈው። አዲሱ ኃላፊያቸው ዐብዲራሺድ ይህ አልተስማማውም። ክፉ ሰው አልነበረም፤ የስንቱን ዘገባ ሲያነብ ውሎ ሲያነብ የሚያመሽ ሰው ነው።

«ሶሲና፣ አምስት መስመር ይበቃል» አላት አንድ ቀን ቢሮው ጠርቶ። «የት ሄድሽ፣ ምን ሠራሽ፣ መንገዱ ያስኬዳል ወይስ አያስኬድም። ግመሎቹን ተያቸው። ሰው ሥራ አለው።»

ቤት ገብታ ይህን ስትናገር አቶ ገብረየስ ከዘራቸውን ወለሉ ላይ መታ መታ አደረጉ።

«አምስት መስመር? ቴሌግራም ነዋ።»

«አዎ፣ ቴሌግራም ላይ ነው የምንጽፈው።»

«የድሮውን ማለቴ ነው። ያኔ ቴሌግራም አጥሮ ከመጣ የያዘው መርዶ ነው። በሰላም የገባ ሰው ምን አስቸኮለው?»

ከዚያ በኋላ ሶሲና ሁለት ዓይነት ዘገባ ያዘች። ለቡድኑ አምስት መስመር ትጽፋለች። ለአባቷ ደግሞ ኔትወርክ ባገኘችበት ሁሉ ድምፅዋን ቀድታ ትልካለች፤ እሷ በሌለችበት አቶ ገብረየስን የምታስታምመው የጉሃድ ልጅ ሆዶ ስልኩን ጆሯቸው ሥር ታደርግላቸዋለች። የቀረውን ስትመለስ ታሟላዋለች።

አንድ የጥቅምት ከሰዓት ሶሲና እንደ ልማዷ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣ ስትተርክ አፏን አዳለጣትና የሼኩን መቃብር በግራ አደረገችው። ራሷ ሰማችው። እስኪያርሟት ጠበቀች። አቶ ገብረየስ ራሳቸውን በስምምነት ነቀነቁ። ደክሟቸው ነው አለች በልቧ፤ ቀጠለች።

ከሚቀጥለው ጉዞ ግን እየተጠራጠረች ተመለሰች። ቁጭ አለችና ሆነ ብላ መንገዱን ገለበጠችው።

«ከከተማ ወጥተን መጀመሪያ አይሻ ገባን። እዚያ ምሳ በልተን፣ ወንዙን ተሻግረን ደምበል አደርን።»

ከጂግጂጋ ለወጣ ሰው አይሻ ከደምበል ቀድሞ እንደማይገኝ ጂግጂጋ ያለ ሕፃን እንኳ ያውቃል።

«መልካም» አሉ አባቷ። «መንገዱ ደህና ነው ማለት ነው።»

ጉሃድ ከእንቅልፋቸው ብንን ብለው ዓይናቸውን ገለጡ። ሶሲናን አዩአት፣ ሶሲናም አየቻቸው። መቁጠሪያው እጃቸው ላይ እንደ ቆመ ቀረ።

ዓይናቸው ከጠፋ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ከጂግጂጋ አውጥታ ሐረር አስመረመረቻቸው። ሐኪሙ በትሕትና ነበር የተናገረው። የዕድሜ መርሳት ነው፣ እየባሰ ይሄዳል፤ ብዙ ወሬ ስለሚያደክማቸው አጠር አጠር አድርጋችሁ ንገሯቸው አለ። ሶሲና መድኃኒቱን ተቀብላ፣ አባቷን በክንዳቸው ደግፋ ወጣች። በመመለሻው መንገድ አቶ ገብረየስ «ወዴት እየሄድን ነው?» እያሉ ደጋግመው ጠየቋት፤ እሷም «ወደ ቤት» እያለች ደጋግማ መለሰች።

የሐኪሙን ቃል ጠበቀች። ከቀጣዩ ጉዞ ስትመለስ ለዐብዲራሺድ እንደምትጽፈው አድርጋ ነገረቻቸው።

«አባባ፣ አይሻ ደርሼ መጣሁ። ማቀዝቀዣው ተሠርቷል። መንገዱ ደህና ነው።»

የአቶ ገብረየስ እጅ ብርድ ልብሱ ላይ የሆነ ነገር መፈለግ ጀመረ።

«ደረስን?»

«አዎ፣ ደረስን።»

«እንዴት ደረስን? አሁን እኮ ነው የተነሳነው። ደምበል የት ሄደ? መኪናውን ማን ጋ ነው ያቆምነው?» ከአልጋው ሊወርዱ ሲሉ ግድግዳው ትከሻቸውን መታቸው። ሶሲና ተንደርድራ ያዘቻቸው። «መንገዱን አታሳጥሪብኝ ልጄ» አሏት፣ ሕፃን እንደሚለምን ባለ ድምፅ። «የት እንዳለሁ ይጠፋኛል።»

ሶሲና እያለቀሰች ከከተማው ዳርቻ ጀመረች። ሜዳውን፣ ቁልቁለቱን፣ ዋርካውን፣ ነጩን መቃብር፣ ደረቁን ወንዝ አንድ በአንድ ነገረቻቸው። ደምበል ሲደርሱ እጃቸው ጸጥ አለ። አይሻ ሳይገቡ እንቅልፍ ወሰዳቸው።

ከዚያ ወዲህ መስክ ባልወጣችባቸው ቀናት ሳይቀር ያንኑ መንገድ ትነግራቸው ጀመር። ያለፈውን ዓረፍተ ነገር እንደማይዙት ታውቃለች። ቢሆንም አንዱ ነገር ከቀጣዩ ጋር ተያይዞ እስከመጣ ድረስ ይረጋጉ ነበር፤ ዘላ ስታልፍ ግን እንደ ወደቀ ሰው ይደነግጣሉ። እርማታቸው ናፈቃት። አንዳንዴ መቃብሩን በግራ ታደርገውና ትንሽ ትጠብቃለች፤ ምንም የለም። በቀኝ አድርጋ ትቀጥላለች።

አንድ ቀን ከአይሻ አቧራ ለብሳ ገብታ ግቢው ውስጥ ሳለች የአባቷን ድምፅ ሰማች። ብዙ ጊዜ ያልሰማችው የጎልማሳ ድምፅ ነበር።

«ትናንት ከአይሻ ገባሁ» ይላሉ።

«እንኳን ደህና ገባህ፣ ገብሬ» አሉ ጉሃድ። «መንገዱ እንዴት ነበር?»

«ከደምበል ወዲያ ጎማ ፈነዳብን። ክሪኩን ብንፈልግ የለም። ግመል የሚነዱ ሰዎች ድንጋይ እየቆለሉ አነሱልን። ጤና ጣቢያው ደጅ አንዲት እናት ልጇን ታቅፋ አድራለች። ማቀዝቀዣው ድምፅ ሲያሰማ ሴትዮዋ እንዴት እንደ ሳቀች ብታያት ጉሃድ! ጥርሷ ሁሉ ታየ።»

ሶሲና በሩን ተደግፋ ቆመች። ጎማው የፈነዳው በእሷ ጉዞ ነው። ሴትዮዋም የሳቀችው እሷ ፊት ነበር፤ ቃሉ እንኳ ያው የራሷ ነው። እሷ ብቻ የለችበትም።

«እንደምን ዋላችሁ» ብላ ገባች።

«እግዚአብሔር ይመስገን» አሉ አባቷ በእንግዳ አቀባበል ትሕትና። «ማን ልበል?»

«ሶሲና ነኝ።»

«ሶሲና? የልጄ ስም ነው። የኔዋ ገና ትንሽ ናት። ከመንገድ ስገባ ያየሁትን ሁሉ ካልነገርኳት እህል አትቀምስም።» ፈገግ አሉ። «አንቺስ እህቴ፣ ከየት ነው?»

«ከአይሻ ነው የመጣሁት» አለች ሶሲና።

«እኔም ትናንት ነው የመጣሁት። ተቀመጪ፣ ልንገርሽ።»

ተቀመጠች። ከከተማው ዳርቻ ጀምረው ነገሯት፤ እስከ አይሻ ድረስ አላቋረጠቻቸውም። ጉሃድ ያን ቀን አላንቀላፉም። በፎጣቸው ጫፍ ዓይናቸውን እየጠረጉ ሙሉውን ሰሙ።

አቶ ገብረየስ ከዚያ በኋላ ብዙ አልቆዩም። እየከሱ፣ ቃላቸውም እያነሰ ሄደ። የዚያን ሰሞን የአይሻ ማቀዝቀዣ ደግሞ ቆመ፤ ከእሷ በቀር የሚሠራው አልነበረም። ሆዶ «ሂጂ፣ እኔ አለሁ» አለቻት። ሶሲና ደምበል አድራ፣ ከዚያው ድምፅዋን ልካ፣ በማግስቱ አይሻ ገባች።

የማቀዝቀዣውን ጀርባ ከፍታ ስትሠራ ባሬ ደጅ ላይ በስልክ ሲነጋገር በመስኮት አየችው። በሶማሊኛ «ሀዬ፣ ሀዬ» ይላል፣ እሺ፣ እሺ እንደማለት። ከዚያ ገባና አጠገቧ ቆመ።

«እህቴ፣ አባትሽን ትንሽ አሟቸዋል አሉ። ሥራውን ጨርሺና እንመለስ።»

ጨረሰች። እጇ የለመደውን ሠራ። መኪና ውስጥ ገብተው መመለስ ጀመሩ። ባሬ ደምበል ላይ የግመል ወተት ያለበት ሻሂ ሳይጠጣ አልፎ አያውቅም፤ ሰማይ ቢደፋ ይቆማል። ያን ቀን ሻሂ ቤቱን ዘወር ብሎ ሳያይ ነዳ። ሶሲና ያኔ አወቀች። እሱም እሷ ማወቋን አውቆ መሪውን ጨበጥ አደረገ።

ከደምበል በኋላ ያለውን መንገድ አላየችውም። ዓይኗ ተገልጦ ነበር፤ ወንዙን ይሻገሩ፣ መቃብሩን ይለፉ፣ ሰው ይኑር አይኑር ግን ልትናገር አትችልም። ቀና ስትል የሠፈራቸው ደጅ ላይ ድንኳን ተተክሏል።

ቀብሩ በማግስቱ ሆነ። ጉሃድና የሠፈሩ ሶማሌዎች አስከሬኑን እስከ ቤተ ክርስቲያኑ አጥር ሸኝተው፣ ሥርዓቱ እስኪያልቅ ፀሐይ ላይ ቆመው ጠበቁ። ዐብዲራሺድም ከቢሮው ሰዎች ጋር መጥቶ «አላህ ያጽናሽ» ብሏት ድንኳኑ ውስጥ አንገቱን ደፍቶ ብዙ ተቀመጠ።

ሰው ጋብ ሲል ሶሲና ሆዶን ወደ ውስጥ ጠራቻት። አልጋው ላይ ጎን ለጎን ተቀመጡ።

«ንገሪኝ።»

«ምኑን?»

«ሁሉንም። ከዋዜማው ጀምሪ።»

ሆዶ የሻሿን ጫፍ በጣቷ ጠቀለለች። «ማታ ከደምበል የላክሽውን አሰማኋቸው።»

«እስከ መጨረሻው ሰሙት?»

«አይ። ግመሎቹ ውሃ የሚጠጡበት ጋ ስትደርሺ እንቅልፍ ወሰዳቸው። ቀሪውን ጠዋት አሰማቸዋለሁ ብዬ ዘጋሁት።»

«ጠዋትስ?»

«ጠዋት ውሃ ጠየቁኝ፣ አጠጣኋቸው። ከዚያ ወደ ግድግዳው ዞሩ።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያ ምንም የለም፣ ሶሲና። ሳያቸው አልፈዋል።»

«ውሃውን ሲቀበሉሽ ምን አሉ?»

«ተባረኪ አሉኝ።»

«በአማርኛ?»

«በሶማሊኛ።»

«መስኮቱ ተከፍቶ ነበር?»

«ተከፍቶ ነበር።»

«ነፋስ ነበር?»

ሆዶ አሰበች። ልታስታውስ ፈልጋ ዓይኗን ጨፈነች። «አላስተዋልኩም» አለች፤ እሷም ማልቀስ ጀመረች።

ሶሲና ሌላ ጥያቄ ፈልጋ አጣች። ከደጅ የለቅሶ ድምፅ መጣ፤ ከቶጎጫሌ የተነሱ ዘመዶች ገና መድረሳቸው ነበር። ነጠላዋን አስተካክላ፣ የሆዶን እጅ ይዛ ልትቀበላቸው ወጣች።